ግድግዳዬ ላይ የከረመው የእህትህ ካርድ

ወንድሜ፣

ጫማህን ሳታወልቅ ይህን አንብብ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ድልድይ ያለበት ፖስትካርድ ያንተ ነው። ገልብጠው። እህትህ ናት የጻፈችው። እናትህ አልጋ ይዘዋል፣ ስምህን ይጠራሉ። ስልክህ አልሠራ ስላላት ነው በካርድ የላከችው። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን አየሁት፤ ከደረሰ ሃያ ቀን ሆኖታል።

ሃያውንም ቀን የኔ ግድግዳ ላይ ነበር።

ከፖስታ ሳጥናችን ያወጣሁት የውጭ አገር ሬዲዮ ጣቢያዎቹ ከላኩልኝ አራት ካርዶች ጋር ነው። ሥርጭታቸው እንዴት እንደተሰማኝ ስጽፍላቸው ለማስታወሻ ካርድ እንደሚልኩልኝ ታውቃለህ። ሁሉም የኔ መስሎኝ ሥዕሉን ወደ ውጭ አድርጌ ለጠፍኳቸው። ዛሬ ግድግዳው ረጥቦ ወደ ካርቶን ላዛውራቸው ስነቅል ነው ጀርባውን ያየሁት።

«ጋሼ፣ እነዚህ ካርዶች አንድ ቀን ከቤት ያስወጡናል» ስትለኝ እስቅ ነበር።

የምትሠራበት ብየዳ ቤት ሄጄ ነበር። ለሥራ ወጥቷል አሉኝ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አጣሁ። ልብስህን በጥቁሩ ቦርሳ ከትቼልሃለሁ። ሹራብህ ስላልደረቀ የኔን አድርጌበታለሁ። ካርዶቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ ረግጠሃቸው እለፍ።

እናትህን እንዲያቆይልህ እግዚአብሔርን ከጠዋት ጀምሮ እየለመንኩት ነው። አንተን ይቅርታ ለመለመን ግን አፍ የለኝም።

ወደ አገርህ የሚሄደው አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ይነሣል። መናኸሪያ ቦታ ይዤልህ እጠብቅሃለሁ። ካልደረስክም ከአውቶቡሱ አልወርድም፣ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ሰፈራችሁን ስታወራ ሰምቼ አውቀዋለሁ። ሄጄ እናትህን «ልጅዎ ወዶ አልቀረም፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ።