በስፌቱ ውስጥ የቀረው ነጭ

ጥቅምት 5

አዲስ ሥራ መጣ። ከመቶ ዓመት በፊት የሆነ ቲያትር! የነጋዴ ቤት፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዲት ሙሽራ፣ አንድ አልሞትም ያለ ሽማግሌ። አዘጋጁ ሲያነብልን መብራት ሠራተኛው አጠገቤ ያዛጋል፤ የኔ ልብ ግን ሄዷል። ስንት ዓመት ሙሉ የፖሊስ ኮፍያና የሰካራም ኮት ስሰፋ ኖሬ... በመጨረሻ የኔ ዘመን መጣልኝ።

«ዚፕ የለም፣ ላስቲክ የለም፣ ናይለን የለም» አለ አዘጋጁ። «ይችሉታል እትዬ?»

«አንተ ልጅ፣ እኔኮ በስህተት ነው እዚህ ዘመን የተወለድኩት።»

ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

የልብስ ክፍሉ አምፖል ደክሟል። እንዲቀየር ተናግሬያለሁ።

ጥቅምት 8

እንዴት ነበር የሚኖሩት? ጠዋት ስትነሺ ስልክ የለ፣ ጡሩንባ የለ። መስኮት ስር ተቀምጠሽ ስትሰፊ የሚሰማሽ ክሩ በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ ብቻ። እንግዳ ሳይደውል ይመጣል፣ ሲመጣም ቶሎ አይሄድም። አንድ ቀሚስ ወር ቢፈጅ ማን ያጣድፍሻል?

ያሳደገችኝ የእናቴ አክስት ናት። አክስቴ ነበር የምላት። «ያን ጊዜማ...» ብላ ከጀመረች ሁሉ ነገር ይጣፍጣል። ውሃው፣ ሰዉ፣ ጨርቁ። ይሄ በሽታ የተጋባብኝ ከሷ ነው።

ባሌን «ከመቶ ዓመት በፊት ብንኖር ምን ትሆን ነበር?» አልኩት። ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር ነው። አሰበ፣ አሰበና...

«ሥራ ፈት» አለ።

ጥቅምት 12

የዕረፍት ቀን። ባሌን ለመንኩት፤ አንድ ቀን ብቻ በድሮ እንዋል። ራዲዮ የለም፣ ስልክ የለም፣ ማብሪያ መንካት የለም። ውሃም ከቧንቧ አይቀዳም፤ ትናንት በባልዲ ሞልቼ አስቀምጫለሁ።

«ጢሜንስ?»

«አትላጭ።»

እሱስ ደስ አለው።

እስከ ረፋዱ ድረስ ገነት ነበር። ቁጭ ብለን ከተጋባን ወዲህ ያላወራነውን አወራን። ከዚያ ኳስ መኖሩ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ቀረ። ጆሮዬን በሩ ላይ ብለጥፍ... ራዲዮ! በሹራቡ ስር ደብቆ ይዞ ገብቷል።

«ምንድነው የምሰማው?»

«ከሩቅ አገር መልእክተኛ መጥቶ ነው» አለ ከውስጥ። «ሁለት ለባዶ እየመራን ነው ይላል።»

ሲመሻሽ በሻማ ልሰፋ ሞከርኩ። ክሩ አልገባ አለኝ። ባሌ ከተተልኝ። ልጅ ሆኜ ለአክስቴ ክር የምከትላት እኔ ነበርኩ... ተይው። ሻማው ነው።

ጥቅምት 19

የሙሽራዋ ጨርቅ መጣ። ነጭ ጥጥ። ግን ነጭ በነጭነቱ መድረክ ላይ አይወጣም፤ ድሮ እንዲመስል በወፍራም ሻይ ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው የሚቆረጠው። ትልቁን ድስት ጥጄ ጣቃውን ስዘረጋው... ምን ያስነክረዋል? ራሱ ቢጫ! መደብር ውስጥ ስንት ዓመት ከርሞ ይሆን? ነጋዴው አሮጌ ሸጦልን ሳያውቅ ጠቀመን። ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ይሄን ነው።

ሻዩን ራሴ ጠጣሁት።

አዲሱ አምፖልም ከድሮው አይሻልም። መብራት ሠራተኛውን ብነግረው፣ «እትዬ፣ ከዚህ በላይ ካሉኝ ፀሐይዋን ነው አውርጄ የማመጣልዎ» አለኝ። አፈኛ።

ጥቅምት 28

ቀሚሱ አለቀ። የቁልፍ ቀዳዳው ሳይቀር በእጅ። አክስቴ ብታየው... ማየቱስ ይቅርባት፣ ብትዳብሰው።

ኅዳር 3

ምን ብዬ ልጻፈው?

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በልብስ ተለማመዱ። እኔ ከአዳራሹ ኋላ ቆሜያለሁ። ሙሽራዋ ወጣች። አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። «የሳሙና ማስታወቂያ!» አለ ከወንድማማቾቹ አንዱ፣ ትልቁን የሚጫወተው። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም።

አዘጋጁ ቀስ ብሎ መጣ።

«እትዬ፣ ሻዩን ረሱት እንዴ? በጣም ነጣብኝ።»

«ምኑ ነው የነጣው?»

«ቀሚሱ።»

«ይሄ? ይሄማ ቢጫ ነው።»

«ነጭ ነው እትዬ።»

ደሜ ፈላ። ሥራዬን ነው የነካው። «ቢጫ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብዬ ጮህኩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ሳቁ ቆመ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከመድረክ ወረደችና እጄን ያዘችኝ። በጆሮዬ፣ «የወንዶቹን ኮት ጠርዝ በምን ክር ነው የሰፉት?» አለችኝ።

«በጥቁር ነዋ።»

ሰማያዊ ኖሯል።

ምን አስማለኝ? ለካ ዓይኔ ግንባር ከሆነ ቆይቷል።

ኅዳር 5

ልጄ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ዓይን ሕክምና ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ከልጄም ሳታንስ አትቀርም።

«ሞራ ነው እናቴ። ሁለቱም ላይ። ቢጫ መነጽር አድርገው እንደሚኖሩ ይቁጠሩት።»

«እንዴት አላወቅሁም?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሰው ሁሉ አምፖሉን ይከሳል።»

ልጄ ሳቋን ዋጠች። ሞራው እንደሚነሳ፣ አንዱ ዓይን መጀመሪያ፣ ሌላው በኋላ እንደሚሠራ ሐኪሟ ነገረችን። በምን ነው የሚነሳው አልኳት። በጣም ቀጭን መሣሪያ አለ፣ እንደ መርፌ ያለ...

«እምቢ» አልኩ።

ተነስቼ ወጣሁ። ልጄ ቦርሳዬን ታቅፋ ከኋላዬ ትሮጣለች።

ኅዳር 6

ለባሌ እንኳ ነግሬው የማላውቀው ነገር... አክስቴ «ያን ጊዜማ» ስትል ይሄን ጨምራው አታውቅም። ሞራ ሲጋርዳት አዋቂ ነኝ ባይ ተጠራ። ወንዶቹ ጭንቅላቷን ያዙ። እሱ ዓይኗን በመርፌ ነካካው። ጩኸቷን አሁንም እሰማዋለሁ። በማግስቱ «አየሁ!» አለች፣ ሰው ሁሉ ተደነቀ። ብዙም ሳይቆይ ዓይኗ መገለ። ከዚያ ወዲያ ጥግ ተቀምጣ ጨርቅ እየዳበሰች ኖረች።

ዕድሜ ልኳን በመርፌ እንጀራዋን የበላች ሴት መርፌ ትፈራለች ቢባል ማን ያምናል?

ግን ባላይስ? ሥራዬን ተዪው ልበል... የልጄን ፊትስ?

ኅዳር 9

ለባሌ ነገርኩት። አላሾፈም። ራዲዮውን አጠፋና፣

«የኔ እመቤት፣ ድሮ ብንወለድ ኖሮ፣ ድሮ ብንወለድ ኖሮ እያልሽ አሰለቸሽኝ። እምቢ ካልሽ ይኸው ድሮሽ መጣልሽ። ጥግ አለን። በትር ይዤ እመራሻለሁ።»

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀለድኩም። እመራሻለሁ፣ አይሰለቸኝም። ግን አክስትሽ ይቺን ሐኪም ብታገኝ እግሯን ነበር የምትስመው።»

አንጀቴን በላው። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩት፣ እውነቱን ስለነገረኝ። አመሻሽ ላይ ለልጄ ደወልኩ።

«ቀጠሮ ያዢልኝ።»

«እማዬ፣ ቆርጠሻል?»

«አልቆረጥኩም። ለዚህ ነው ቶሎ ያዢው የምልሽ።»

ኅዳር 16

የቀኙ ተሠራ። ጠብታ አደረጉልኝ፣ ብርሃን ብቻ አየሁ። ጮህኩ።

«አመመዎት እናቴ?» አለች ሐኪሟ ደንግጣ።

«የለም። ከማመሙ በፊት ልጩህ ብዬ ነው።»

«እኔኮ ልጨርስ ነው።»

አሁን በፋሻ ተሸፍኜ በግራው እየጻፍኩ ነው። መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ እሱ ያውቃል።

ኅዳር 17

ፋሻው ተነሳ። ሰማያዊ! የመጋረጃው፣ የሰማዩ፣ የወንበሩ... እንዲህ ያለ ቀለም ነበር እንዴ? የሐኪሟ ጋውን ንጣቱ ያስፈራል። ባሌ ፊት ለፊቴ ቆሟል።

«ፀጉርህ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«ነጭ ሆኗል!»

«ከሆነ ቆየ እኮ። እኔ ጨዋነትሽ ነው ዝም ያሰኘሽ ብዬ።»

ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። አጣምሬ ያስቀመጥኩለት ካልሲ ሁሉ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። እንዲሁ እያደረገው ከርሟል፣ ቅር እንዳይለኝ ብሎ። አለቀስኩ። ሐኪሟ እንዳያለቅሱ ብላኝ ነበር።

ኅዳር 22

ቀሚሱን ልነክረው ቤት ይዤው መጣሁ። ሻዩ ፈላ። ቀለሙን ላመሳክር ብዬ ከሳጥኑ የአክስቴን የሙሽርነት ቀሚስ አወጣሁ። መቶ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? እሱስ የምር ቢጫ ነው፤ አዲሱ ዓይኔም መስክሯል።

የሰፊ እጅ አያርፍም። ወገቡን ገለበጥኩት። ጠርዙን ጥቂት ተረተርኩት። ታጥፎ የተሰፋው ውስጥ፣ ፀሐይ ያላየው ጨርቅ...

ነጭ። እንደ ወተት።

መቀሴን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ለካ ድሮ ቢጫ አልነበረም! አክስቴ ይሄን የለበሰች ቀን ቀሚሱ አዲስ ነበር፤ ብብቱ ይከረክራት ነበር፣ እንዳይቆሽሽ ትሳቀቅ ነበር። ማን ያውቃል፣ እሷም «ምነው ከመቶ ዓመት በፊት በተወለድኩ» ብላ ይሆናል። ያን ቀን ለሷ ዛሬ ነበር። እኔ ነኝ በሻይ የነከርኩት።

ድስቱ ቀዘቀዘ። የተረተርኩትን መልሼ ሰፋሁላት።

ኅዳር 24

ሁለቱንም ቀሚስ ይዤ አዘጋጁ ዘንድ ሄድኩ። «አይነከርም» አልኩት፣ የአክስቴን ጠርዝ በጣቴ ከፈት አድርጌ እያሳየሁት።

«እትዬ፣ ታዲያ ተመልካቹ ድሮ መሆኑን በምን ይወቅ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። እኔ የምጠይቅህ፣ ሙሽራዋ ድሮ መሆኑን ታውቃለች?»

ቀሚሱን ተቀበለኝ። ልጅቷን ጠርቶ አስለበሳት፣ መብራት አስበራ፣ ዞራት። አፈኛው መብራት ሠራተኛ ከላይ ሆኖ «እኔ በብርቱካንማ አሞቅላታለሁ!» አለ። እሱም አንዳንዴ ደህና ነገር ይናገራል።

«እሺ፣ ሙሽራዋ ነጭ ትሁን» አለ አዘጋጁ። «ሽማግሌው ግን ይነከርልኝ፣ ከነጢሙ።»

ተስማማን። አሁን የኮቶቹን ጠርዝ እየተረተርኩ በጥቁር እየሰፋሁ ነው። ክሩን ራሴ ከተትኩት። በመጀመሪያው አይደለም... ግን ራሴ።

ታኅሣሥ 3

ቲያትሩ ተከፈተ። ከመጋረጃ ጀርባ መሆን ትቼ ከተመልካቹ ጋር ተቀመጥኩ፣ በባሌና በልጄ መሃል። ሙሽራዋ ስትወጣ ማንም አልሳቀም።

ቀኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። በግራው ሳያት ያው የማውቀው ድሮ፤ ቢጫ፣ ሩቅ፣ የሚያምር። ገለጥኩት። ዛሬ የምትዳር ልጅ ሆነች፣ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ የምትሳቀቅ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ የማታውቅ። ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ፣ ጨፈንኩ...

«ማንን ነው የምትጠቅሺው?» አለኝ ባሌ። ትልቁን ወንድም የጠረጠረ ይመስለኛል።

እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ ወደ አክስቴ ዘመን ልሂድ የምል። አሁን እሷ ወደዚህ ብትመጣ እወዳለሁ። እጇን ይዤ ወደዚያች ልጅ እግር ሐኪም እወስዳት ነበር፤ ሲጨንቃት አብሬያት እጮህ ነበር። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ የማሳያት ያንን የተረተርኩትን ጠርዝ ነው።

የግራው ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። አልጮህም ብያለሁ። ባሌ አላመነኝም።