የበረኛው ግድፈት

የካቲት 10፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት

ዛሬም ሩጫ። ከመምህራን ማሠልጠኛው በር እስከ ሊማሊሞ አፋፍ፣ ደርሶ መልስ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መ/ር እሸቱ፣ አሠልጣኛችን፣ ፊሽካውን ነክሶ ከኋላ። ጓደኛዬ ቢምረው እንደ ልማዱ ከፊት፣ እኔ እንደ ልማዴ ከመጨረሻ። ለበረኛ ሩጫ ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅሁ። ተጨማሪ ዙር ተሰጠኝ።

እሑድ የዳባትን ቡድን 2 ለ 0 ረታን። ሁለቱንም ቢምረው አገባ፤ እስከ መኝታ ቤት በትከሻ ተሸክመውት መጡ። እኔ አንድ ሪጎሬ አዳንኩ፣ ማንም አላነሣውም። ደብተሬ፣ አንተ እንኳ ያዝልኝ።

ዘንድሮ አልተሸነፍንም። አንድ ግጥሚያ ቀረ። ጎንደር፣ የዋንጫው። ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ሰኔ፣ ከዚያ መምህር አያናው። እስከዚያ ተማሪ ነኝ፤ ተማሪ እስከሆንኩ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና አይጠራኝም። ታላቅ ወንድሜን እንየውን ጠርቶታል። ሁለት ዓመት ሆነው፣ የመጣው አንድ ደብዳቤ ነው።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ሁዳዴ ትናንት ገባ። ዛሬ ቁርስ ላይ ጓድ ታደለ መጣ። የማሠልጠኛው የፖለቲካ ኃላፊ ነው፤ ሲመጣ ማንኪያ ሁሉ ጸጥ ይላል። ብሥራት ይዞልናል፦ እስከ ዋንጫው ቀን ድረስ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በየጠዋቱ ሁለት ቅቅል እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት። ልዩ ቀለብ። ቆሞ እኛን ያያል። እኛ እንቁላሉን እናያለን።

ማንም እምቢ አላለም። ማንም አልበላም። ጓድ ታደለ ዞር ሲል እንቁላሉ ሁሉ ኪስ ገባ፣ ወተቱ ወደ ባልዲው ተመለሰ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። መጣል ያሳዝናል፣ ለውሻ መስጠት ይታያል። አሥራ አንድ ጎረምሳ እንቁላል ሲቀብር ማየት ነበረብህ። ቢምረው ሬሳ ያለ ፍትሐት አይቀበርም አለ። "አንተ የቄስ ልጅ፣ ጀምርልን እንጂ!" ጀመርኩላቸው። ድምፄን እንደ አባቴ ጎተት አድርጌ። እስኪያስለን ሳቅን።

ከዚያ ልምምድ። እስከ 9 ሰዓት ውሃም የለም። ሩጫው ግን ጠዋት ነው፤ ይህን ማንም አላሰበበትም።

የካቲት 27፣ ዓርብ

አልጽፈውም ብዬ ነበር። እጽፈዋለሁ።

ልምምድ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ኳሷ ሁለት ሆና መጣች፤ የሌለችውን ያዝኩ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔ ግን ፈራሁ። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋንበት ነገር በእኔ እጅ ሊያልፍ ነው። ከልምምድ በኋላ፣ ከጠዋት ያቆየሁትን ቁርሴን ልመልስ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። በር ጀርባ ቆሜ ሁለቱንም እንቁላል በላሁ። ጨው እንኳ የለው። ወተቱን ጨለጥኩት። ጣፈጠኝ። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፣ ጣፈጠኝ።

ዘወር ስል ቢምረው ቆሟል። አልተቆጣም። እንዲያውም አዘነልኝ። ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት፣ በማርያም ማለልኝ። አንተም ብላ አልኩት፣ የምንሸነፈው በዚህ ነው። እሱ አይሆንም አለ። እናቱ የሞቱት በሁዳዴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ገድፎ አያውቅም።

እኔ ገደፍኩ። ቃሉን ጻፍኩት፣ ይኸው። አባቴ ደረስጌ ላይ ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ ቆመው ይቀድሳሉ፤ ልጃቸው በር ጀርባ ቆሞ እንቁላል ይልጣል። ነገም እበላለሁ። አውቀዋለሁ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ። ጎንደር፣ 12 ሰዓት

4 ለ 0።

የተጀመረው በ9 ሰዓት ነው። ፀሐዩ እንደ ደባርቅ አይደለም፣ ይጋግራል። አሥሩ ከሌሊት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። እስከ ዕረፍት ታገሉ፣ 0 ለ 0። ቢምረው በዚያች አርባ አምስት ደቂቃ ሜዳውን ሲያምሰው የክፍለ ሀገሩ መራጮች ስሙን ጠይቀው መዘገቡት። ለምርጥ ቡድን። ከዕረፍት በኋላ ግን እግር የሚባል ነገር ጠፋ። ተከላካዮቼ ቆመው ያዩኛል። ቢምረው ከበረኛቸው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝቶ ጉልበቱ ከዳው፤ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ኳሷ ብቻዋን ወጣች።

እኔ ቁጥሩን የማላስታውሰውን ያህል አዳንኩ። አራቱ ገቡ። በሜዳው ላይ የበላሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ይህን የምናውቅ ሁለት ነን። ስለ ቢምረው መመረጥ ደስ አለኝ። ከልቤ ነው፤ የዛሬ ጥሩ ነገር ይኸው ብቻ ነው።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ። የጥበቃው ውሻ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሲቆፍር አደረ። ጠዋት ጓድ ታደለ ሽታውን ተከትሎ ሄደ። የሦስት ሳምንት እንቁላል! ልጣጩ እንኳ ያልተነካ። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ረዥም ጊዜ ቆመ። ቢጮህ ይሻለን ነበር።

ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ሰኞ የቡድኑ የዓመት ግምገማ። ሂስና ግለ ሂስ።

መኝታ ቤት ተማከርን። ሁላችንም ዝም እንላለን ተባለ። አሥራ አንዱን በሙሉ አያባርርም፣ ይቆጣል ያልፋል። እጅ ለእጅ ተመታታን። ቢምረው እጄን ሁለቴ መታ።

መጋቢት 14፣ ሰኞ። 11 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ርእስ። አንደኛ ድሎች፣ ሁለተኛ ግድፈቶች። ድሎቹ በአምስት ደቂቃ አለቁ። ሪጎሬው አልተነሣም። ከዚያ ጓድ ታደለ ወደ ሁለተኛው መጣ። ጾመዋል፣ የሕዝብን ንብረት ቀብረዋል፣ የማሠልጠኛውን ክብር ጥለዋል። ቀስቃሹ ማነው? ሁላችንም ወለሉን አየን። አስቦበት ነው የመጣው፤ ቀስቃሹ ካልታወቀ ሁሉም ለቀበሌው ይተላለፋሉ፣ ለምርጥ ቡድን የተመዘገበውም ይሰረዛል አለ።

ቢምረው ተነሣ።

መጀመሪያ ዝም እንበል ሊል መሰለኝ። እኔ ሞኝ። ጓድ አያናው ላይ ሂስ አለኝ አለ። "ጓድ"! ትናንት አያና ነበርኩ። የቄስ ልጅ በመሆኑ፣ አለ፣ በጾሙ እንድንጸና ይገፋፋን ነበር። እንቁላሉ ሲቀበር ፍትሐት ደግሟል። ሁላችንም ሰምተናል።

እውነት ነው፣ ደግሜአለሁ። ሳቅ አለበት እንጂ! ማን ጀምርልን አለኝ? ማን እስኪያስለው ሳቀ?

ከዚያ በየተራ ተነሡ። ሂሱን እደግፋለሁ። ሂሱን እደግፋለሁ። ዘጠኝ ሰው። የአንዳንዱ ከንፈር ከድርቀት ተሰነጣጥቋል፤ 9 ሰዓት ገና ነበር፣ ጾም ላይ ናቸው! መ/ር እሸቱ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ ደግሞ አሰረ።

ጓድ ታደለ ወደ እኔ ዞረ። ልዩ ቀለቡን በልተሃል ወይስ አልበላህም? አንድ ቃል ብቻ ነበረች። በልቻለሁ። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። በመስኮቱ በኩል ግማሽ ደባርቅ ያዳምጣል፤ የቄስ ልጅ በሁዳዴ እንቁላል በላ ሊባል ነው። ቢምረውን አየሁት። ፊት ለፊት ያየኛል፣ ዓይኑን አላሸሸም። ያን ጊዜ ገባኝ። እንደማልናገር ያውቃል። ዕቅዱ የቆመው በዝምታዬ ላይ ነው።

ዝም አልኩ።

ውሳኔ፦ መጋቢት 21 በሰልፍ ላይ፣ ተማሪውና የቀበሌው ሕዝብ ባለበት፣ ግድፈቴን አምኜ ግለ ሂስ አደርጋለሁ። ከዚያ ከትምህርት እሰናበታለሁ፣ ስሜ ለቀበሌው ይተላለፋል። ግድፈቴን። አለመግደፌ ነው አሉ ግድፈቴ። ብስቅ ደስ ባለኝ።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ቢምረው ቧንቧው ጋ ጠበቀኝ። ልሄድ ስል ባልዲዬን ያዘ። ይቅርታ የሚል መስሎኝ ቆምኩ፣ አሁንም ሞኝ ነኝ። ያስረዳኛል። አንድ ሰው መሄድ ነበረበት፣ አለ። እኔ ወላጅ የለኝም፣ ኳሷ ብቻ ናት ያለችኝ። ካንተ በቀር ደግሞ ማን ይታመናል? ጾመ ቢባል የሚያምርብህ አንተ ነህ።

"አባትህ ይኮሩብሃል እንጂ አያፍሩብህም። ሚስጥርህን እንደሆነ አላወጣሁም፤ በማርያም ምዬልሃለሁ።"

አላወጣም። እውነቱን ነው። መሐላውን ጠብቆ በመሐላው ሸጠኝ። ባልዲውን ነጠቅሁት፣ ግማሹ ፈሰሰ። ጥምቀትን እኛ ቤት ነው የዋለው፣ ደረስጌ፤ እናቴ ከእኔ ለይታው አታውቅም። ይህን ልለው ነበር። አላልኩትም።

ከተደራራቢው አልጋ እሱ ላይ፣ እኔ ታች ነኝ። ዛሬ ፍራሼን አውጥቼ መስኮቱ ሥር አነጠፍኩ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ። የገበያ ቀን

አባቴ መጡ። በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዘው። ወሬው ደረስጌ ደርሷል፤ በምን እግሩ እንደሆነ እንጃ።

ሊያለቅሱ የመጡ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሏቸዋል። ገበያው መካከል ሰው እየመጣ መስቀላቸውን ይሳለማል። ልጅዎ በጾሙ ምክንያት ተከሰሰ አሉ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ። አንዲት ሴት እጄን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ሸሸሁ። አባቴ ግንባሬን ሳሙኝ። ስለ እንየው አልቅሰው እንደማያውቁ ሰው ቀስ ብለው ተናገሩ። "ሁለተኛውንም ከወሰዱት ይውሰዱት። በሃይማኖቱ የሄደ ልጅ አልጠፋብኝም።"

በልቻለሁ ብል ከሠራዊቱ እተርፋለሁ። ዝም ብል ቅዱስ እሆናለሁ። ቢምረው፣ ይህን ሁሉ አስበህበታል? የኔን ጓሮ ከኔ ይልቅ ታውቀዋለህ።

መጋቢት 20፣ እሑድ። 10 ሰዓት

ነገርኳቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ሸኘኋቸው፣ የሳንቃ በርን መንገድ ይዘን። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ። ከከተማው ስንወጣ ሳላያቸው ተናገርኩ። ሁሉንም፤ በሩን፣ እንቁላሉን፣ መጣፈጡን። በቅሎዋን አስቆሙ። ወረዱ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከታች ከብት የሚጠብቅ ልጅ ድምፅ ይሰማል።

"ንስሐህን ለእኔ አትንገረኝ" አሉኝ። "እኔ አባትህ ነኝ። የንስሐ አባት ፈልግ።"

ደግሞ ቆይተው ያ ልጅ ጾሞ ነበር ወይ አሉኝ። ቢምረውን ነው፤ ስሙን አልጠሩም። አዎ አልኩ። እስከ ዘጠኝ? እስከ ዘጠኝ፣ ውሃ ሳይቀምስ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ለማለት እንደሆነ አላውቅም። በቅሎዋ ላይ ወጡ፣ መስቀሉን ዘረጉልኝ። ተሳለምኩ። ፊታቸው ግን ወደ መንገዱ ነበር። ነገ እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ ተናገር አላሉኝም። እስኪሰወሩ ቆሜ አየሁ። አንዴ ዞረው ቢያዩኝ ምን ነበረበት።

ልቤ ተሰብሯል። ግን ቀሎኛል፣ ሁለቱም አለ።

መጋቢት 21፣ ሰኞ። ጠዋት 1፡40

ሰልፉ ለ2 ሰዓት ነው። ግለ ሂሱን ጓድ ታደለ ራሱ ጽፎ ሰጥቶኛል፣ አንድ ገጽ። "በኋላ ቀር አስተሳሰብ ተገፋፍቼ" ብሎ ይጀምራል። አጥፌ ከፍራሹ ሥር ከተትኩት።

ቢምረው ጫማውን እየወለወለ ነው። ከሰልፉ በኋላ መኪና ይወስደዋል፣ ለምርጥ ቡድን ልምምድ። ቅድም አይቶኝ ፈገግ ሊል ሞከረ።

የምለው አጭር ነው። በልቻለሁ። ከየካቲት 27 ጀምሮ በየቀኑ፣ ወጥ ቤት በር ጀርባ። ደባርቅ ይስማ፣ አባቴ እንደሆኑ ሰምተዋል። አንተ ከበላህ ታዲያ እንቁላሉን ማን ቀበረው ይለኛል ጓድ ታደለ፣ መቼም ሞኝ አይደለም። እስከ ትናንት የማስበው እዚህ ጋ ዝም ስለማለት ነበር። አሥሩም ጓደኞቼ ነበሩ፣ አሥሩም ወደ አንድ ቦታ ሊላኩ ይችላሉ፤ እንየው ወዳለበት፣ ካለ።

ሌሊቱን ተኝቼ አደርኩ፣ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ስነሣ ውሳኔው አብሮኝ ተነሣ። የሰው ጾም አልጾምም። የጾሙት እነሱ ናቸው፤ ከነዋጋው ይያዙት። ከጠየቀኝ ስም እጠራለሁ። ከቢምረው እጀምራለሁ፣ ድምፄን ሳልጎትት።

ደወሉ ተደወለ።