አራት ሺህ ጎብኚና አንዲት ልብስ ሰፊ

ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃው መሃል ላይ ቆመህ፣ የረሳኸው ዕቃ ያለ እያስመሰልክ ትንፋሽህን ትሰበስባለህ? እማዬስ ደም ግፊቷን ትለካለች ወይስ እንደ ልማዷ "እኔ ምን ሆኜ!" እያለች ነው? እኔ ልጅህ ደህና ነኝ። የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት ፊቴን ቀቀለው እንጂ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም።

በደብዳቤ የጻፍኩልህ ወድጄ አይደለም። በስልክ ብነግርህ ሳይገባህ "ገባኝ፣ ገባኝ" ብለህ ታቋርጠኛለህ። እህቴ አትማ ስትሰጥህ እስከ መጨረሻው አንብበው። በጣም ደስ የሚል ወሬ አለኝ፤ መጀመሪያ ግን አንድ መራራ ነገር ትውጥልኛለህ።

ባለፈው እሑድ "ድረ ገጽህን በአንድ ቀን አራት ሺህ ሰው ጎበኘው!" ብዬ ጮኼብህ ነበር። ስለ ልብስ ስፌት መኪና አጠጋገን አንተ እየተናገርክ እህቴ የምትጽፈውን፣ እኔ ከዚህ ሆኜ የምለጥፈውን ማለቴ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ ብለህ ሱቁን ልትዘጋ የነበርከው ሰውዬ፣ ያን ቁጥር ሰምተህ እንደ ልጅ ዘለልክ አሉ። ቅዳሜ ሰሌዳ ጸሐፊ መጥቶ በሱቁ በር ላይ "የአራት ሺህ ተማሪዎች መምህር" ብሎ ሊጽፍልህ እንደሆነም ሰማሁ። እኔም ደስታዬን አልቻልኩትም፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ።

ማክሰኞ፣ ከጎናችን ያለው ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሸሚዞቹን ሊያስተኩስ መጣ። እኛ "አይመስለኝም" ነው የምንለው፤ አፉን የሚፈታው በዚህ ቃል ነው። ኩራት ኩራት እያለኝ ቁጥሩን ባሳየው "አይመስለኝም" አይለኝም! በካውያው ልለው ምንም አልቀረኝ። ኋላ ግን ስልኬን ተቀብሎ በጣቱ እየጠቆመ አስረዳኝ። አራት ሺዎቹ የገቡት በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው፣ ያውም ከአንድ ቦታ። እያንዳንዱ የቆየው ዜሮ ሰከንድ። አንድ ሥዕል አልከፈቱ፣ ከገጽ ወደ ገጽ አላለፉ። ሲፈልጉ የነበረውም እኔ የይለፍ ቃል አስገብቼ የምገባበትን በር ነው። ሰዎች አይደሉም አባዬ። በየድረ ገጹ እየዞሩ ያልተቆለፈ በር የሚሞክሩ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ናቸው። የእኛን በደንብ ቆልፈነዋል፣ አትስጋ።

እነሱ ሲቀነሱ ለሳምንቱ አርባ ስድስት ጉብኝት ቀረን። "እሺ፣ አርባ ስድስትም ሰው ነው" ብዬ ልጽናና ስል ሌላ ጉድ ወጣ። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከእናንተ ከተማ ገብቶ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ የሚወጣው ማነው? አንተ ነሃ! አለመጥፋቱን ልታረጋግጥ። እማዬ ቁጥሩ ከፍ እንዲልልህ ትከፍታለች፣ እህቴ ትከፍታለች፣ ባሏ ከመሥሪያ ቤቱ ይከፍታል፣ እኔማ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ነው። ለካ እርስ በርሳችን ስንጎበኛኝ ነው የከረምነው! አይመስለኝም እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

የእኛ ሲወጣ ሰባት ቀሩ። እውነቱን ልንገርህ፤ አባዬ ይህን ሲሰማ ሱቁን ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ።

ግን ሰባቱን ብታያቸው! አንዱ ጎብኚ "ክር የሚበጥስ መኪና" የሚለው ገጽህ ላይ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ቆይቷል። በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከፍቷል። ማን ይሆን ስንል ዛሬ ጠዋት መልእክት ገባ፤ ልብስ ሰፊ ናት። "መምህር" ብላ ነው የምትጀምረው። ስልኳን መኪናው አጠገብ አስቀምጣ፣ አንተ እንዳልከው መርፌውን ነቅላ አዙራ ብትተክለው ክሩ መበጠሱን ተወ። አሁን ግን ስፌቱ አልፎ አልፎ ይዘልባታል። የተማሪዎች ዩኒፎርም ተቀብላለች፣ የምታደርስበት ቀን ቀርቧል፣ በአካባቢዋ ጠጋኝ የለም። "እባክዎ ምን ላድርግ?" ትላለች። እልል ብዬ ስነሣ አንሶላ የሚያጥፉት ሁሉ ደነገጡ!

እንግዲህ አባዬ፣ ሰሌዳ ጸሐፊው "መምህር" ብሎ ይጻፍና አራት ሺውን ይተወው። ሱቁን መዝጋት ደግሞ እንዳታነሣብኝ። የተንቀጠቀጠው እጅህ ነው እንጂ አፍህ መቼ ተንቀጠቀጠ?

እማዬን ጉንጮቿን ሳምልኝ። እህቴን ሥዕሎቹ ላይ ያለው የእጅሽ ጽሑፍ ሳይቀር አምሮበታል በላት። ባሏን አለቃው ሳይነቃበት ስልኩን ያስቀምጥ በለው። ትንሿን የልጅ ልጅህን እቅፍ አድርግልኝ፤ ጥርሷ በቀለ ሲሉኝ በደስታ ልሞት ነበር።

ልጨርስ ስል ቁጥሮቹን አየት አደረግኩ። አይመስለኝም የእኛን ስልኮች ከቆጠራው አውጥቷቸዋል፤ ስለዚህ ከእኛ አንዳችንም አይደለንም። አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ "ክር የሚበጥስ መኪና" ገጽ ላይ አንድ ሰው አለ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሆነው፣ አልወጣም። ልብስ ሰፊዋ መልስህን እየጠበቀች ነው መሰለኝ አባዬ፤ እህቴን ጥራና አስጽፋት።

የምትወድህ ልጅህ
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.