ባሕሩ ጉዳይ ካለው ይምጣ

ሰኢድዬ፣ የኔ አሚር፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ካጠገቤ ከተነሳህ ሁለተኛው ሰመር ገባ። የመጀመሪያው መቼ መጥቶ መቼ እንደሄደ አላየሁትም። ይሄኛው ግን ሙቀቱን ተሸክሞ በራፍ ላይ ቆሞ «እህሳ፣ ዘሃራ?» ይለኝ ጀመር። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰው ፊት አላለቅስም። መኪና ስነዳ ግን አለቅሳለሁ፤ ትራፊኩ ሲጨናነቅ ደግሞ ጊዜ ስላለ በደንብ አለቅሳለሁ። እዚህ አካባቢ ከሚነዳው ሰው ግማሹ እንደኔ ሳይሆን አይቀርም፣ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ከተማችን አሌክሳንድሪያም እንዳለች ናት፤ ኪራይ ይጨምራል፣ ሊፍት ይበላሻል፣ ሁለቱም ሥራቸውን በሰዓቱ ነው የሚሠሩት። ልጃችን ሐናን «ቫኑን እንሽጠው» ስትለኝ «የአባትሽ ወገብ ቅርጽ ገና ከወንበሩ አልወጣም» አልኳት። ለክርክር የማትሰንፈው ልጅህ የቫኑን ቁልፍ መልሳ ሰቀለችው። ልብስህን ለመስጊድ ሰጠሁ። ኮትህን ግን አስቀረሁ፣ ያንን ባሕር ስንሄድ የምትለብሰውን። ድንኳኑንም አልሰጠሁም። የምጽፍልህም በሱ ጉዳይ ነው።

በየሐምሌው ያገርህን ልጆች ሰብስበህ ውቅያኖስ ዳር ወዳለችው ኦሽን ሲቲ ታዘምተን ነበር። «መንገደኛ ያለ አሚር አይሄድም» ብለህ ራስህን ሾምክ። ምርጫ የለ፣ ታዛቢ የለ። ተቃዋሚ ከተባለ ከውድብሪጅ የሚመጣው አብሮ አደግህ ይማም ነበር፤ እሱም የሚቃወመው የመረጥከውን መንገድ እንጂ ሥልጣንህን አልነበረም። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ውስጥ ተሰብስበን፣ መኪኖቹን እንደ ግመል ታሰልፋቸዋለህ። ረጅሙ ድልድይ ላይ ስንወጣ ሬዲዮ ታጠፋና ያሲን ትጀምራለህ። መሐንዲሶቹ የሠሩትን ድልድይ አንተ በቁርአን ካልደገፍከው የሚቆም አይመስልህም ነበር።

ከተማዋ ለእንግዳ ያሰናዳችውን ደስታ መቼም አትረሳውም። አንዱን ሰውዬ ጀልባ በገመድ እየጎተተ በዣንጥላ ሰማይ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሲያወርዱት «ወንደርፉል!» ይላል። ሌላው ጣውላ ላይ ቆሞ ይቀዝፋል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል፤ ለዚህ አስተማሪ ቀጥሯል። ባሕሩን ይዞ በተነጠፈው የእንጨት መንገድ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ባለ አራት ጎማ ሳይክል ተከራይቶ ይረግጣል፤ የትም ሳይደርስ ይመለሳል። የከተማዋ ትንሽ ድልድይ ሥር ደግሞ ሽማግሌዎቹ የዶሮ አንገት በሲባጎ አስረው ክራብ የሚሉትን ሸርጣን ያጠምዳሉ። ይሄን ስታይ ቆም ብለህ «ደህናውን የዶሮ አንገት!» ያልከው እስከዛሬ ብቻዬን ያስቀኛል። ሐዘንህ የልብ ነበር።

የኛ መዝናናት ሌላ ሥርዓት ነበረው። ድንኳን ይተከላል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ድስት ይደረደራል። ከዚያ ክብ ሠርተን ጀርባችንን ለውቅያኖስ እንሰጣለን። ረጅሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋናተኛ የሚጠብቀውን ልጅ ሁለታችሁም ወንበር ላይ ሆናችሁ ሰው ስለምትጠብቁ እንደ ሥራ ባልደረባህ ትቆጥረው ነበርና መጀመሪያ ምግብ የሚላከው ለሱ ነው። አንዲት ፈረንጅ መጥታ «ሠርግ ነው?» ብላ ብትጠይቅ መልስ ሳይሆን ሳህን ሰጠሃት። ቁጭ አለች። ሙሽራዋን ስትጠብቅ ዋለች።

የመጀመሪያው ዓመትማ! ውኃው ርቆ ሸሽቶ፣ አሸዋው ርጥብ ነበር። አንተ በኮትህ እጅህን ወደኋላ አጣምረህ፣ ሰማዩን በምዕራብ በኩል አይተህ ፈረድክ፦ «ከላይ አልዘነበም። አይሞላም።» ይማምም ቀና ብሎ አየና «ደጋው ጥርት ብሏል» ሲል አጸደቀልህ። የቦርከና ልጆች! ወንዝ የሚሞላው ደጋው ሲዘንብ ነው፤ ከናንተ ወዲያ ውኃ አዋቂ ማን አለ? ነፋሻ ነው ብላችሁ ድንኳኑን ውኃው አፍ ላይ ተከላችሁት። ባሕር ጠብታ ሳይዘንብ ሄዶ ተመልሶ እንደሚመጣ የነገረን የለም። ሐናን ትምህርት ቤት ተምራው ነበር፤ ግን ልጅን ማን ይጠይቃል?

ሩዙ ተበልቶ ዶሮው ሊከፈት ሲል ባሕሩ በጀርባችን ገባ። ጫማው ሄደ፣ ምንጣፉ ሄደ፣ የዶሮ ወጡ ድስት ከነክዳኑ እንደ መርከብ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ አቀና። አንተ ዳር ቆመህ «ያዙት! ያዙት!» ትላለህ እንጂ አንዲት እርምጃ አትጠጋም። በሆዱ ሰሌዳ ላይ ተኝቶ የሚንሳፈፍ አንድ ጎረምሳ ነው እየገፋ የመለሰልን፤ ጠብ ያለ መረቅ አልነበረም። ያን ቀን የተናገርከው ቤታችን ውስጥ ተረት ሆኖ ቀረ፤ «ይሄ ባሕር ባለጌ ነው። ሳይጠሩት ማዕድ ላይ ይመጣል።»

ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ በየዓመቱ ወደኋላ ሸሸ። መጨረሻ ላይ መኪና ማቆሚያው አጥር ሥር ገባን፤ ባሕሩን ያየ ላላየው ይነግር ነበር። እኔ በየዓመቱ «ና እስቲ፣ እስከ ጉልበታችን እንኳ እንግባ» እልሃለሁ። አንተ ወንበርህ ላይ ተደላድለህ «እኔ ወደሱ አልሄድም። ጉዳይ ካለው እሱ ይምጣ» ትለኛለህ። ስጨቀጭቅህ ደግሞ «ለከርሞ፣ ኢንሻአላህ»። በመጨረሻው ዓመት ኩላሊትህ ደክሞ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሰህ ተቀምጠህ፣ ሳልጠይቅህ እጄን ያዝክና «ለከርሞ የእውነት እገባለሁ» አልከኝ። እየቀለድክ መሆኑን ለማረጋገጥ ፊትህን አየሁት። አልቀለድክም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

አምና ቀርተናል፤ ዘንድሮ እንግዲህ ጉዞው ራሱ ሊሞት ነበር። አሚር የለም። አንተ ባቋቋምከው የስልክ ግሩፕ ላይ ከ«ጁምዓ ሙባረክ» ሌላ የሚጽፍ ጠፋ። ሐናን ሆቴል ልትይዝልኝ አሰበች። «ማሚ፣ ቢች ማለት እኮ ሪላክስ ማድረግ ነው፤ ሰፈር መመገብ አይደለም። እኛ ብቻ እንሂድ። ድንኳኑን ለሚፈልግ ዶኔት እናድርገው» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ እንዳርፍ ብላ ነው። እኔ ግን ድንኳኑ ከሄደ አንተ የምታዝበት የመጨረሻው ቦታ አብሮ የሚሄድ መሰለኝ። ቤቱን ድሮም የማዘው እኔ ነበርኩ፤ ይሄ በመካከላችን ይቅር። ባሕሩ ዳር ግን አዛዡ አንተ ነበርክ።

ስለዚህ ግሩፑ ላይ በድምፅ ላክኩ፦ «ቅዳሜ፣ ከሱብሒ በኋላ፣ በተለመደው ቦታ። የመጣ መጣ። የቀረ ምክንያት አይላክ።» የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ዘነበልኝ። አውራ ጣት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን የተረዳ የለም፤ እመጣለሁ ይሁን፣ ሰምቻለሁ ይሁን፣ አላህ ይርዳሽ ይሁን።

ቅዳሜ ስንደርስ ፓርኪንጉ ባዶ ነበር። ሐናን መሪው ላይ፣ እኔ ከጎኗ፣ ከኋላችን ድንኳኑና ድስቶቹ። ሐናን መንገዱን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ደግሞ ሰዓቷን ታያለች። «አላልኩሽም?» ብትለኝ በመለስኩላት ነበር። «ትንሽ እንጠብቅ» አልኩ፣ የአሚር ባልሆነ ድምፅ። ኮትህን እቅፌ ውስጥ አጥብቄ ያዝኩት።

በመጨረሻ የይማም መኪና ጥጉን ዞራ ብቅ አለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ዘሃራ፣ የዛሬው መንገድ በኔ ነው! ሰኢድ ዕድሜ ልካችንን ሲያሳስተን ኖሯል!» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ሰኢድ በሄደበት ነው የምንሄደው» አልኩት። «እሺ፣ እንሳሳታ!» አለና ከኋላችን ተሰለፈ። ከሱ ኋላ ሌላ መኪና፣ ከዚያም ሌላ፤ አንዷ የተኙ ልጆቿን በፒጃማ ጭና፣ አንዱ ድስቱን በሻሽ ጠፍሮ። ሐናን ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ሳቀች፣ ወይም አለቀሰች። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ሬዲዮውን አጠፋችና «ማሚ፣ ያሲን» አለችኝ። ጀመርኩ። ድልድዩም ቆመ።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ውኃው ሸሽቶ ነበር። ይማም ድንኳኑን ተሸክሞ ወደለመድነው ስደት፣ ወደ አጥሩ ሥር ሲያመራ ጠራሁት። «እዚያ አይደለም፤ እዚህ ነው» ብዬ ርጥቡን አሸዋ አሳየሁት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሞላል!»

«አውቃለሁ።»

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ድንኳኑን አስቀመጠ፣ እጁን ወደኋላ አጣመረ፣ ሰማዩን በምዕራብ በኩል አየና «ከላይ አልዘነበም» አለ። ተከለው።

ቶሎ በልተን ድስቱንም ምንጣፉንም አስቀድመን አነሳን፤ ከዶሮው እንኳ ተምረናል። ዘንድሮ ግን ፊታችንን ወደ ባሕሩ አዙረን ተቀመጥን። እኔ ኮትህን ደርቤ ወንበርህ ላይ ነበርኩ። ውኃው መጣ። መጀመሪያ ጣቴን ነክቶ ተመለሰ፣ ይሉኝታ እንደያዘው እንግዳ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ይማም ሱሪውን ሰብስቦ ከጎኔ ቆሞ «አንተ ባለጌ! አንተ ባለጌ!» እያለ ይሰድበዋል፤ አይሸሽም ግን። ሐናን እጄን ያዘች። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ወንበሩ ከሥሬ ተነቃነቀ፣ አንተ ልትነሳ የሞከርክ ያህል።

ቃልህን አላጠፍክም፣ ሰኢድዬ። አንተ ወደሱ አልሄድክም፤ እሱ መጣ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አንተን ፈልጎ ነው። «የለም» አልኩት፤ «ወንበሩ ግን የሱ ነው። በየሐምሌው እዚሁ ቦታ እናኖረዋለን። እኔ ያልቻልኩ ቀን ልጁ ታኖረዋለች።» ሐናን ሰማችኝ፤ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደ አውራ ጣቱ ሳይሆን፣ የእውነት።

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ በኑር ይሙላልህ። ድንኳኑ ደርቆ ቁም ሳጥኑ ገብቷል። ኮትህም ደርቋል። ኪሱ ውስጥ የገባውን አሸዋ ግን አላራገፍኩትም፤ ጉዳይህ ነው፣ አንተ እስክትመጣ አይነካም።

ያንተው
ዘሃራ