አንገትን ከእግር ጀምረው ያቀኑት የኢንዱታይ ጆግሌካር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኢንዱማቲ ጆግሌካር፣ የሳታራ ሰው ሁሉ «ታይ» ማለትም ታላቅ እህት እያለ የሚጠራቸው፣ ከአባታቸው ከመምህር ቫሱዴቭ ካርንዲካር እና ከእናታቸው ከራማባይ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጥር 9 ቀን 1943 በክሪሽና ወንዝ ዳር በዋይ ከተማ ተወለዱ። ሦስተኛ ሴት ልጅ ስለነበሩ ጎረቤት ከንፈሩን ሲመጥ፣ አባታቸው ለወንድ ልጅ ብቻ የሚታደለውን ጣፋጭ ለመንደሩ አድለው አፉን አስያዙት።

በልጅነታቸው ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ነበረባቸው። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው እናታቸው እጃቸውን ይዘው፣ በቤተ መቅደሱ አዳራሽ ዮጋ ከሚያስተምሩት ከአረጋዊው ዳቶፓንት ዘንድ አደረሷቸው። የዳቶፓንት ቃል ሕግ ነበር፤ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ምንጣፉን ጠቅልሎ ይወጣል። ታይ ዘጠኝ ዓመት ተማሩ፤ አንድም ቀን አልጠየቁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም በ1959 በዋይ አጠናቀቁ።

በ1964 የፖስታ ቤት ሠራተኛውን ሽሪዳር ጆግሌካርን አግብተው ወደ ሳታራ መጡ፤ ሜጋናንና አቢጂትንም ወለዱ። በ1971 በባለቤታቸው ፈቃድ የሳሎኑን የእንጨት ዥዋዥዌ አወረዱና፣ በሰንሰለቱ ማንጠልጠያ ላይ ገመድ አስረው የዮጋ ሕክምና መስጠት ጀመሩ። አማታቸው ጎዳቫሪባይ «የቤቴን ዙፋን አውርዳ የአህያ ገመድ ሰቀለችበት» እያሉ ለጎረቤት ዓመታት አሟቸው። ወገባቸውን የታመሙ ጊዜ ግን ከዚያ ገመድ ላይ የሚያወርዳቸው ጠፋ።

በ1983 ክፉ ቀን መጣ። ይህን እንድንተወው የመከሩን ዘመዶች ነበሩ። ታይ ራሳቸው ለመጣ ታማሚ ሁሉ አስቀድመው ይነግሩት ስለነበር፣ እኛ የምንደብቅበት ምክንያት የለንም። ባፑራኦ ቶራት የሚባሉ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ለዓመታት በቆየ የአንገት ሕመም ተሠቃይተው መጡ። ዳቶፓንት ደግሞ በትከሻ ላይ ቆሞ እግርን ወደ ላይ የሚያቀናው አቋም የአንገት ሕመም ሁሉ መድኃኒት ነው ብለው አስተምረዋል። መምህር ያለው አይጠየቅምና፣ ታይ ትከሻ የሚያሳርፈውን የታጠፈ ብርድ ልብስ እንኳ ሳያነጥፉ ሰውየውን አቆሙ። በዘጠነኛው ቀን ባፑራኦ ሲወርዱ ግራ እጃቸው ደንዝዞ ነበር።

ታይ የሚያክሙበትን ክፍል በር ቆልፈው ቁልፉን ለባለቤታቸው ሰጡ። አራት ወር ሙሉ በየማለዳው ባፑራኦ ቤት እየሄዱ፣ ሐኪም ያዘዘውን ሲያስፈጽሙና እህል ሳይቀምሱ ሲመለሱ ቤተሰቡ በዓይኑ አይቷል። ከትንሿ ጣት በቀር የባፑራኦ እጅ ዳነ። ታይ ግን ክፍሉን ለመክፈት እምቢ አሉ። በዓመቱ ባፑራኦ ራሳቸው በሩ ላይ መጥተው፣ «ይክፈቱ እንጂ ታይ። የእኔ አንዲት ጣት የስንት ሰው አንገት ታስቀራለች?» አሏቸው። የተከፈተው በዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጋቸው ተለወጠ። እጁ የደነዘዘ ወይም የዛለ ሰው ሐኪም ሳያየው ከደጃቸው አያልፍም። የአንገት ታማሚን ከእግሩ ይጀምራሉ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ እንዲቆም አድርገው የእግሩን አረጋገጥ፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ የደረቱን አከፋፈት ያያሉ። በጥቅል ብርድ ልብስ ላይ አስተኝተው፣ እግሩን ወንበር ላይ አሳርፈው፣ ትንፋሹ ረጋ እስኪል ይጠብቃሉ። አንገት የመጨረሻው ነው፤ አይጎተትም፣ አይጠመዘዝም። ያልጠየቁትን ዘጠኝ ዓመት የሚክሱ ይመስል፣ ስለ እያንዳንዱ አቋም «ለምን?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ ነበር።

በየካቲት 1998 ሳሩባይ ጃግታፕ መጣች። (አንቱ ማለትን ራሷ ከልክላናለች።) ሳሩባይ ልጇ በአራት ዓመቱ ጉድጓድ ገብቶ በሕይወት ሲወጣላት፣ «እስክሞት ድረስ በየዓመቱ ቱልሲህን በራሴ ተሸክሜ እመጣለሁ» ብላ ለፓንዳርፑሩ አምላክ ለቪቶባ ተስላለች። ቱልሲ ቅዱሱ በሶብላ ነው፤ በነሐስ ማሰሮ እንደበቀለ ሴቶች በራሳቸው ተሸክመውት ከተጓዡ ጋር ፓንዳርፑር ድረስ በእግር ይሄዳሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክማለች፤ ስምንቱን አንገቷን እያመማት። ሐኪሙ ነርቯ ገና እንዳልተጎዳ፣ ሸክሙን ካልተወች ግን እንደማይቀርላት ነግሯታል። ጉዞው አራት ወር ቀርቶታል።

ታይ አንድ ውል አስገቧት፤ እሳቸው እስኪፈቅዱ ድረስ እንስራም ቢሆን ራሷ ላይ አይወጣም። ስድስት ሳምንት ሕመሙ እየቀለለ ሄደ። በሰባተኛው ቆሞ ቀረ፤ በስምንተኛው ባሰ። ታይ ምክንያቱን ፍለጋ እንቅልፍ አጡ፤ የባፑራኦ እጅ መጣባቸው። አንድ ማለዳ ሳሩባይን ሲያስተኙ ግን አናቷ ላይ ፀጉሯ ክብ ሆኖ ተጋድሞ አዩ፤ ከእንስራ ሥር የሚደረግ የጨርቅ ጥምጥም የሚተወው ምልክት ነው።

«ሳሩ፣ ዛሬ ማን ተቀምጦብሽ መጣ?»

«ማንም፣ ታይ።»

«ፀጉርሽ ግን እንግዳ ነበረብኝ እያለ ነው።»

ሳሩባይ አለቀሰች። ራሷ ላይ ሸክም ሳይኖር ስትሄድ መንገዱ የሚያዘነብላት ይመስላት ነበርና፣ ውሃ መቅዳቱን ከቶም አልተወችም። ታይ ተቆጡ፤ ዘንድሮ ጉዞ የሚባል የለም አሉ። «ቪቶባ አንገትሽን ሰብረሽ ነይልኝ አላለም» ሲሏት የመለሰችላቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም፦ «እርስዎ ክፍልዎን ቆልፈው ዓመት ተቀመጡ። እኔ ስለቴን በምን ልቆልፈው?»

በሦስተኛው ቀን ታይ ባዶ ማሰሮ አምጥተው በራሷ ላይ አኖሩና፣ ከኋላዋ እየተከተሉ እርምጃዋን ቆጠሩ። እስከ ሃያ አንድ ድረስ ትከሻዋ በቦታው ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀኝ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሸሻል። አፈር ጨምረው ሞከሩ። ወራት ሠርተው፣ ማሰሮው ሲሞላም ያው ሃያ አንድ ሆነ። ሐኪሙም አይቶ ያቺን ያህል ፈቀደ። «ስትሳይ በእርምጃ አልቆጠርሽም» አሏት። «ጠዋት ሃያ አንድ፣ ማታ ሃያ አንድ። የቀረው የእኔ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ታይ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው፣ ከገበያ የራቀ መንገድ የማያውቁት ሴት፣ ሎናንድ ከተማ ላይ ከተጓዦቹ ተቀላቀሉ። የቡድኑ ሽማግሌ ጋንፓትራኦ «ስለት በውክልና አይፈጸምም» ብለው መንገድ ሲዘጉባቸው፣ ታይ «ስለቱ የሷ ነው፤ መንገዱ ብቻ ነው የእኔ» ብለው ማሰሮውን ራሳቸው ላይ አወጡ። ማታ ማታ በድንኳኑ ውስጥ ሳሩባይን በጥቅል ብርድ ልብስ ላይ ያስተኛሉ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነኩ ይሰማት እንደሆነ ይጠይቃሉ። በየማታው «አዎ» እስክትል ድረስ የሳቸው ትንፋሽ አይወርድም ነበር።

በመጨረሻው ቀን ፓንዳርፑር መግቢያ ላይ ሳሩባይ ማሰሮውን ተቀበለች። ሃያ አንድ ሲሞላ ታይ ሊያወርዱላት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሕዝቡ ግን ከኋላ ገፍቶ መጣ። መቆም የለም፣ ማውረድ የለም፣ መውጫም የለም። ሃያ አምስት፣ ሠላሳ፤ የሳሩባይ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ተሰበሰበ። «ታይ፣ እጄ» አለች።

ታይ በጣታቸው ጫፍ ቆመው ማሰሮውን ከበስተኋላ በሁለት እጃቸው አነሱት፤ ራሷን ይነካል እንጂ አይጫናትም። እንደዚያ ሆነው፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ፣ ሕዝቡ እስኪሳሳ ድረስ ሄዱ። በዚያች ማታ ታይ የሳሩባይን ጣቶች ሲነኩ አሥሩም ተሰሟት፤ ታይም ከ1983 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አለቀሱ። ከዚያ ጉዞ በኋላ የራሳቸው አንገት ሁለት ወር አሟቸዋል፤ ሳሩባይ ይህን ዛሬ በመታሰቢያቸው ሲነበብ ነው የምትሰማው። ሳሩባይ ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሃያ አንድ ሃያ አንዷን ሄዳለች፤ የቀረውን ሴቶቹ በየተራ ይይዙላታል፣ ጋንፓትራኦም መከራከሩን ትተዋል።

ታይ ባለቤታቸውን በ2009 በሞት ተነጠቁ። ከ2017 የመጸው ወራት ጀምሮ ልባቸው እየደከመ ሄደ። ሳሩባይ በየሐሙሱ ከመንደሯ በአውቶቡስ እየመጣች እግራቸውን ወንበር ላይ ታሳርፍላቸው፣ ከአንገታቸው ሥር ጥቅል ፎጣ ታደርግላቸው ነበር። በመጨረሻው ሐሙስ ተጎንብሳ ስታያቸው፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «ሳሩ፣ ትከሻሽ» አሏት። መጋቢት 11 ቀን 2018 ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ታይ የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ሜጋና ክፍሉን ከነገመዱ ተረክባለች፤ ዥዋዥዌው እንደወረደ እስከ ዛሬ ጣሪያው ሥር ተቀምጧል።

በሽኝታቸው ዕለት አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ፣ በአገራችን ልማድ ሴት ከደጃፍ አታልፍም፤ ቃሬዛም አትሸከምም። ሳሩባይ ግን በሰባ ዓመቷ ሰውን ገፍታ መጣች። አንዳንድ ወንዶች አጉረመረሙ። አቢጂት ከቃሬዛው ሥር ወጥቶ ቦታውን ለቀቀላት። ጮክ ብላ እየቆጠረች ተሸከመች። ሃያ አንድ ላይ ቆማ ለአቢጂት መለሰችለት። ከኋላዋ ይከተል የነበረው የዚህ ታሪክ ጸሐፊ፣ የታይ የእህት ልጅ፣ ዓይኑን ከትከሻዋ ላይ አላነሣም ነበር፤ ወደ ጆሮዋ አልሸሸም።

የታይ ነፍስ የተሸከመችውን ሁሉ በሰላም ታውርድ።