ጸበል የነካው ዴክ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

አምስት ለዜሮ። ጓደኛዬ ናቲ አምስቱንም ጨዋታ አሸነፈኝ፤ ያውም በመሃል ስልኩን እየነካካ። የካርድ ውድድሩ እሁድ ነው፤ እኔ ገና ስልሳ ካርድ መርጬ አልጨረስኩም።

ዛሬ ጋሽ ታደሰ ካርዶቹን አይተው "ይሄ ነገር ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ጋሽ ታደሰ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፦ ሁለት ሰው ይጫወታል፣ እያንዳንዱ ራሱ የመረጠውን ስልሳ ካርድ ይዞ ይመጣል፣ በየካርዱ ላይ አውሬ ወይም ጦረኛ ወይም አስማት አለ። ስልሳው አንድ ላይ ዴክ ይባላል። ጥሩ ዴክ የያዘ ሰው ግማሹን እቤቱ አሸንፎ ነው የሚመጣው። እኔ እቤቴ ተሸንፌ ነው የምወጣው፤ ይህንን ግን አልነገርኳቸውም።

የዛሬ ችግሮች፦
– ከባድ ካርዶች በዝተዋል። ገና ሲጀመር እጄ ላይ ይመጡና ምንም አልሠራባቸውም።
– "የአመድ ንግሥት" ያለችኝ ሦስት ብቻ ናት። አራት ካልሆነች አትረባም።
– የካርዶቹ ፕላስቲክ ሽፋን ተቀዳዷል።
– እኔ።

የእሁዱ አሸናፊ ናይሮቢ ሄዶ ይወዳደራል። ፓስፖርት ካወጣሁ ሁለት ዓመቴ፤ አንድ ማህተም አላረፈበትም። ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፦ በዚህኛውም ካልሆነልኝ ካርዶቼን በሙሉ ሸጬ እገላገላለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ስንት ዓመት ነው "ለሚቀጥለው" የሚባለው?

እማዬ ራት ልታቀርብ ስትል "ወረቀቱን አንሺልኝ" አለችኝ። ካርታ የሚለውን ቃል አትጠራውም። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አባዬ አንድ ከሰዓት ካርታ ሊጫወት ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። እንዳልሞተ እናውቃለን፤ የምናውቀው ይኸንኑ ነው። የእኔ ቁማር አይደለም ብዬ አስር ጊዜ ነግሬያታለሁ። ትሰማኛለች፤ አታምነኝም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

አራተኛዋን ንግሥት አገኘኋት።

ናቲ ነው የሰጠኝ፤ ለእሱ ዴክ አትሆነውም። በምትኳ "የወንዙን ጠባቂ" ወሰደብኝ። ጨዋታውን ስጀምር ከመጀመሪያው ፓኬት የወጣልኝ ካርድ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ሲያስገባው ፊቴን አዞርኩ።

"አንቺ ደግሞ፣ ልጅ የዳርሽ አስመሰልሽው" አለኝ።

ከሥራ በኋላ አብነት ሰፈር፣ እነ ናቲ ቤት ተጫወትን። ሦስት ለሁለት፣ ለእኔ። ከከባዶቹ ካርዶች ግማሹን አውጥቼ ነበር፤ ዴኩ ቀለል አለ። ሦስተኛውን ጨዋታ ያሸነፍኩት በአዲሷ ንግሥት ነው። ናቲ ስልኩን አስቀመጠ፤ ይኼ ለእኔ ዋንጫ ነው። ከአብነት እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ። ደስ ሲለኝ ታክሲ አያሰኘኝም።

የቀረኝ ሽፋን ብቻ ነው። ነገ ናቲ አዲስ ያመጣልኛል። ሽፋኑ የተቀደደ ካርድ ከጀርባው ይለያል፤ ከጀርባው የሚለይ ካርድ ደግሞ እንደ ማጭበርበር ነው የሚቆጠረው። እሁድ ጠዋት ዳኛው አንድ በአንድ ያያቸዋል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29



ጠዋት ካርዶቹን ከአሮጌው ሽፋን አውጥቼ፣ ቆጥሬ፣ ጠረጴዛው ላይ በስድስት ረድፍ ደርድሬያቸው ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ አዲሱን ሽፋን ይዤ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የውሃ ምልክት አየሁ።

እማዬ የጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ ቤቱን ጸበል ትረጫለች። አልጋውን፣ በሩን፣ ካለሁ እኔን። ዛሬ ወረቀቱንም ረጨችው። ያውም ጠብ ጠብ አድርጋ አይደለም።

ብዙዎቹ ደርቀው ደህና ናቸው። የሚያብረቀርቁት ግን ውሃ አይችሉም፤ ጎብጠዋል። ዘጠኝ ካርድ። አራቱም ንግሥቶች ከዘጠኙ ውስጥ ናቸው። አንዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በጣቴ ብነካት እንደ ጀልባ ተወዛወዘች።

ጮህኩ። ያልኩትን እዚህ ልጻፈው፣ ነገ እንዳልክደው። "አባዬንም እንዲህ እያደረግሽ ነው ያባረርሽው" አልኳት።

የጠርሙሱን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችና መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ለእኔ ራት አቅርባ እሷ ሳትበላ ተኛች። እኔም አልበላሁም። አፌን በቆረጠው ብያለሁ፣ ግን ካርዶቹንም አስባለሁ። ሁለቱም እኩል ያመኛል፤ በዚህ ደግሞ አፍራለሁ።

አርብ፣ ሚያዝያ 30

ዘጠኙን ካርዶች በንጹህ ወረቀት መሃል አድርጌ ሥራ ቦታ ወሰድኳቸው። የጋሽ ታደሰን የሕግ መጻሕፍት ጫንኩባቸው፤ ከላይ ደግሞ አንድ ካርቶን ወረቀት። ባለጉዳይ መጥቶ አንቀጽ መፈለግ ሲያስፈልግ ክምሩ ይነሳል፣ ካርዶቹም መልሰው ይጎብጣሉ። እንደገና እጭናለሁ።

ጋሽ ታደሰ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ያልኳትንም ጭምር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"እንግዲህ እናትሽ ለእግዜር ማመልከቻ አስገብታለች። የጠየቀችው ዳኝነት ምንድን ነው?"

"ምን ትጠይቃለች፣ እንድተወው ነዋ።"

"አንብበሽዋል?"

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ የማመልከቻውን መጨረሻ ሳያዩ አስተያየት ሰጥተው አያውቁም።

"ታሪኩ ሁልጊዜ ረጅም ነው። ሰውዬው የሚፈልገው ግን መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ነው" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በአስራ አንድ ሰዓት መጻሕፍቱን አነሳሁ። አምስቱ ካርዶች ተቃንተዋል። አራቱ ንግሥቶች እንደጎበጡ ናቸው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለወረቀት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

ዛሬ ልደታ ናት። ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ሰው በሰው ነው፤ ታክሲም አያልፍም። የግቢያችን ሴቶች ደጅ ቄጠማ ጎዝጉዘው ንፍሮ ቀቅለዋል። ሳቃቸው በመስኮት ይሰማኛል። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ንግሥቶቹን ወደ ኋላ አጥፋለሁ። አንዷ መሃሏ ላይ ነጭ መስመር አወጣች። ተውኳቸው።

ናቲ ደወለ። የማያውቀውን ሰው ሳይቀር ጠይቋል። የአመድ ንግሥት ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ነገ ይወዳደራሉ። "አይዞሽ ማሂ" አለኝ። ናቲ አይዞሽ ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

እማዬ ንፍሮ በሳህን ይዛልኝ ገባች። ከሐሙስ ወዲህ የተነጋገርነው "በሩን ዝጊው" ብቻ ነበር።

"እማዬ፣ ምን ብለሽ ነው የረጨሽው?"

ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

"እንድተወው ብለሽ ነው?"

"አይደለም።"

"እንዳሸንፍ?"

"ማሸነፉ ምን እንደሆነ መች አውቄው ልለምን።" ሳህኑን አስቀመጠችው። "ወጥታ ትመለስልኝ አልኩ። ሌላ ምን አለኝ? እሱ የወጣ ቀን ልብስ አጥብ ነበር። ሥራ ቀድሞኝ ጸሎት ሳላደርስ ዋልኩ።"

ይህን ነግራኝ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

ሁለት ወር ሙሉ ናይሮቢ፣ ናይሮቢ ስል እሷ ስትሰማ የከረመችው ሌላ ነገር ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያን ልብስ ስታጥብ ኖራለች፤ እኔ ደግሞ አንቺ ነሽ ያባረርሽው አልኳት። ተከትያት ወጥቼ ይቅርታ ልላት ተነሳሁ። ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ሳያት ቃሉ ጠፋኝ። ንፍሮውን ጨርሼ ባዶ ሳህኑን ወሰድኩላት። ተቀበለችኝ።

እሁድ፣ ግንቦት 2

ዳኛው ዴኩን እጁ ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በአውራ ጣቱ ብቻ አራቱንም ንግሥቶች ለይቶ አወጣቸው። "ይቅርታ እህቴ፣ እነዚህ አይገቡም።" በምትካቸው አራት ተራ ካርድ አስገባሁ።

አንድ አሸነፍኩ፤ ሦስት ተሸነፍኩ። ሦስተኛው ሽንፈት አስር ደቂቃም አልፈጀም። ያሸነፈኝ ልጅ እጄን ሲጨብጠኝ ያዘነልኝ ይመስላል፤ ያ ነው የባሰብኝ። ናይሮቢ የለም።

ናቲ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸንፎ ወጣ። "ጀለሴ፣ ዛሬማ ቤት አይገባም፤ ከልጆቹ ጋር እንውጣ" አለኝ። እምቢ ብዬ የውድድሩ አዳራሽ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልጻፍ። ቤት መግባት አልፈለግኩም። ስልኬን ዘግቼ፣ ማንም ወደማያውቀኝ ቦታ የሚሄድ የመጀመሪያውን ታክሲ ብይዝ ብዬ ተመኘሁ። ተሸንፌያለሁ፤ ፊቴን ለማን ላሳይ? ከዚያ አባዬ ትዝ አለኝ። ያን ቀን እሱም እንዲህ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይሆን? አላዘንኩለትም። ግን ሃሳቡ ገባኝ፤ መረዳቴ አስፈራኝ። ተነሳሁና ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ልደታ የሚሄድ ታክሲ ፈለግኩ።

ሳይመሽ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

"መጣሽ?" አለች እማዬ ከውስጥ።

"መጣሁ። የሐሙሱን ይቅር በይኝ።"

"ታጠቢና ብዪ።"

ማሸነፍ አለማሸነፌን አልጠየቀችኝም። ራት ስታቀርብ ዴኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንሺው አላለችም፤ ሳህኑን ከጎኑ አስቀመጠችው።

ካርዶቹን እሸጣለሁ ብዬ ነበር። እንጃ። አራቱን ንግሥቶች ግን ማንም አይገዛኝም፤ እነሱ እዚሁ ከእኛ ጋር ይቀራሉ።