በአንድ ዓይን የሣልኩዎት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ሞጣ።

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? የእናቴ ጉልበትስ ተሻላት? ክረምቱ አልጠናባችሁም? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ አላስቀምጥ አለኝ።

ወንድሜ ሚሊዮን እርስዎን የሣልኩበትን ሥዕል ፎቶ በስልኩ ካሳየዎት ወዲህ ስደውል አያነሡም። ይኸው ሁለት ወር ሆነ። በአንድ ዓይን ሣለችኝ፣ ከይሁዳ ጋር ቆጠረችኝ ብለው እንዳዘኑ ሰማሁ። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ከጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣል የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሲሥሉ ቀለም እየበጠበጥኩልዎት ያደግኩ ልጅ፣ ይህ እንዴት ይጠፋኛል? ስሥል ግን እውነቴን ነው፣ አላሰብኩትም።

እዚህ የሱቅ ማስታወቂያ እሠራለሁ። አሠሪዬ ኩመራ፣ ስኒው ስኒ ይምሰል፣ ፊደሉ ከሩቅ ይነበብ፣ ሌላ ፍልስፍና አልፈልግም ይለኛል። እሑድ ሰው ሲወጣ ግን ዎርክሾፑ ውስጥ ለራሴ እሥላለሁ። እርስዎ የሚጠሉትን ዓይነት ነው፤ ፊቱ አረንጓዴ፣ እጁ ከቁመቱ የሚበልጥ፣ ቀለሙ በቢላ እንደ ጭቃ የተለጠፈ። ሰው አይመስልም ይሉኝ ነበር። ሰው ስናፍቅ መልኩ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣብኝ። የጅማ ዝናብ ደግሞ ቀለም አያደርቅም፤ እርጥቡን ሥዕልዎን ግድግዳ አስደግፌ ፊት ለፊቱ ምሳዬን እበላለሁ። ሌላ አብሮኝ የሚበላ የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት መናኸሪያ ሲሸኙኝ፣ አውቶቡሱ ሲነሣ ፊትዎን ወደ አጥሩ አዞሩ። ያንን ጎንዎን ይዤ መጣሁ፣ ያንኑ ሣልኩ። ሥራዎን ትቼብዎት ስለሄድኩ ተቆጥተው የዞሩ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዙቤይዳ የምትባል የአጋሮ ቡና ነጋዴ ማስታወቂያ ልታሠራ መጥታ ሥዕሉን አየችው። ስለ ዓይን ሥርዓቱ የምታውቀው የለም። ብዙ ቆማ አየችውና፣ ወላሂ እኚህ አባት አልተቆጡም፣ ሲያለቅሱ እንዳይታዩ ነው የዞሩት አለችኝ። ከሄደች በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

አባዬ፣ እውነቷን ነው? ቁጣም ከሆነ ቁጣ ነው ይበሉኝ፣ እችለዋለሁ። ዝምታዎን ነው ያልቻልኩት።

እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። እኅቴን ብርሃንነሽን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። ሚሊዮንንም አልተቀየምኩትም። እንዲያውም ፎቶ ያንሣዎትና ይላክልኝ፤ ከሥዕሉ አጠገብ አዲስ ሸራ ወጥሬ አቁሜያለሁ። ሲያነሣዎት ቢያለቅሱም ግድ የለም፣ ብቻ ፊትዎን አያዙሩብኝ።

ልጅዎ ሙሉእመቤት
ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ
ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.